ወንድሜ የሆናቸው ሰዎች

የወንድሜ ሰልስት ካለፈ በኋላ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ድምፁን አሰማኝ አለች።

ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። የወንድሜ ሥራ ድምፅ ነበር፤ እንጀራውን የበላው በድምፁ ነው። ስለዚህ ከማንም ሟች ይልቅ የሱ ድምፅ ይገኛል ብዬ አሰብሁ። ነገር ግን ስልኩ፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከመራዊ ወዲህ ሲገለበጥ አብሮት ተሰባብሯል። እኔ ስልክ ላይ ደግሞ የተቀዳ ነገር የለም። ስንደዋወል የምናወራው ስለ ዝናቡና ስለ በሬዎቹ ነው፤ ያንን ማን ይቀዳል። የቀረኝ ጌሙ ብቻ ነው።

ጌሙን ለማያውቅ ልንገር። አዲስ አበባ ያሉ ጥቂት ወጣቶች የሠሩት፣ በስልክ የሚጫወቱት የአማርኛ ጌም ነው። አንድ መንገደኛ በቅሎውን እየሳበ ከገበያ ገበያ ይሄዳል። በየመንገዱ ሰዎች ያጋጥሙታል፤ አንዳንዱ ያወራዋል፣ አንዳንዱ ይዋጋዋል። እነዚያ የሚናገሩት ሰዎች ወንድሜ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል። በር ጠባቂው እሱ ነው። በርበሬ የምትሸጠው አሮጊት እሱ ነው። መነኩሴው፣ ሽፍታው፣ የሚያለቅሰው ሕፃን፣ ጅቡም ጭምር። አንድ ቦታ ላይ አሮጊቷና እህል ነጋዴው በሚዛን ይጣላሉ፣ ጠባቂው ይገላግላቸዋል። ሦስቱም እሱ ነው። ከራሱ ተጣልቶ ራሱ ይገላግላል።

እናቴ ግን ከነዚህ አንዱንም አልፈለገችም። የራሱን ነው የፈለገችው። የትኛው የሱ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ አለችኝ። አዎ አልኋት። ያን ጊዜ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

የቀብሩ ዕለትም እንዲሁ ነው የተደናገርሁት። አልቃሿ ጠጋ ብላ ምን ሥራ ነበረው ብላ ጠየቀችኝ። እህል ያበቀለውን በእህሉ፣ ክህነት የነበረውን በክህነቱ ነው የምታነሳው፤ ሥራውን ሳታውቅ አትጀምርም። እኔም ድምፅ ይሰጣል አልኋት። ለማን ነው የሚሰጠው አለችኝ። በስልክ ውስጥ ላሉ ሰዎች አልሁ። ትንሽ አየችኝና ሄደች። ከዚያ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አድርጋ አለቀሰችው። አሁን በቀበሌያችን ወንድሜ የሬዲዮ ሰው ነበር ተብሎ ቀርቷል። ላርማቸው ፈልጌ ነበር፤ በምን ብዬ እንደማርም አላወቅሁም።

እናቴ የራሱን ድምፅ ለምን እንደፈለገች ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ወንድሜ በልጅነቱ ከየኔታ ዘንድ ዜማ ጀምሮ ነበር። አልጨረሰም። የኔታ ያባረሩት ዜማው ጠፍቶበት ሳይሆን እሳቸውን ራሳቸውን አስመስሎ ተማሪውን ስላሳቀ ነው። ይህን የነገረኝ እሱ ነው፤ ምን ያህሉ እውነት ምን ያህሉ ማሳመሪያ እንደሆነ አላውቅም። ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ በሚኒ ሚዲያ ያነብ ነበር። አንድ ቀን በርዕሰ መምህሩ ድምፅ ከሰዓት በኋላ ትምህርት የለም ብሎ ተናገረና ግማሹ ተማሪ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ከዓመታት በኋላ እዚያው ስማር፣ መምህራኑ የማን ወንድም እንደሆንሁ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንተስ ትችላለህ ወይ ነበር። አልችልም። እኔ በራሴ ድምፅም በደንብ አልናገርም።

ሥራውን ያገኘው በቴሌግራም ነው። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቶ ላከ። መጀመሪያ በር ጠባቂውን ሰጡት፤ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ እለፍ፤ ሌላ የለውም። ወደዱት። በአካባቢህ አሮጊት የምትሆንልን ሴት ትኖር ይሆን ብለው ጠየቁት። አክስቴ አለች አላቸውና ራሱ ቀድቶ ላከ። አንድ ወር ሙሉ አክስት ያለችው መስሏቸው ሰላምታ ይልኩላት ነበር። እሱም በአክስቱ ድምፅ እግዜር ይስጥልኝ እያለ ይመልስ ነበር። እውነቱን ሲነግራቸው ተቆጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ የቀሩትንም ሰዎች ላኩለት።

ይኖር የነበረው ቡሬ ነው፤ እኛ ጋ መብራትም ኔትወርክም እንደልብ ስለማይገኝ። ከአንድ እህል መጋዘን ጋር የተያያዘች ክፍል ተከራየ። የሚቀዳው ግን መጋዘኑ ውስጥ፣ ጆንያው መሃል ገብቶ ነው። ጆንያ ማሚቶውን ይበላዋል ይላል። በቆሎ የሞላ ጆንያ ከሁሉ ይሻላል፤ የጤፍ ደህና ነው፤ በርበሬ ሲገባ ግን ያስለዋል። በዚያ ሳል መሃል የቀዳውን ሽማግሌ አዲስ አበባዎቹ ከሁሉም አስበልጠው ወደዱለት።

አንድ ሰሞን የላኩለት ዝርዝር የሞት ነበር። ሰውየው በቀስት ሲመታ፣ ከገደል ሲወድቅ፣ ውኃ ሲወስደው፣ እሳት ሲይዘው። እያንዳንዱ በጎልማሳ፣ በሽማግሌ፣ በሴት። በቀን እየከፋፈለ ሊሠራው ይችል ነበር፤ እሱ ግን በአንድ ጠዋት ልጨርሰው አለ። የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች ውጭ ሆነው ሰሙ። ሴት ስትጮኽ፣ ሽማግሌ ሲያቃስት፣ ሰው ሲሰጥም። በሩን ገፍተው ሲገቡ ጆንያ መሃል ብቻውን ቆሟል፤ በላብ ተጠምቋል። ደህና አደራችሁ አላቸው በራሱ ድምፅ። ሥራ ላይ ነኝ አላቸው። ይሄኛው ከጩኸቱ ይልቅ አስደነገጣቸው።

በኛ አገር መንፈስ የያዘው ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው። ወንዱ በሴት ድምፅ ይለፈልፋል፣ ወጣቱ በአሮጌ ሰው ድምፅ ይናገራል። ስለዚህ ለእናቴ ደወሉላት። እናቴም እኔን አስከትላ ቡሬ ሄደች። ጠበል ልትወስደው ነው። እሱ ምንም አልተከራከረም። እምቢ ቢል፣ እምቢ ያለው የያዘው ነው እንደሚባል ያውቃል። ጋቢውን ለበሰና ተከተለን።

ጠበሉ ቦታ ሰው ብዙ ነበር። አጥማቂው አባት መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ጠየቁት።

«ማን ነህ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«መጀመሪያ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ስምህን ተናገር።»

ስሙን ተናገረ። የክርስትና ስሙንም ተናገረ። ከየት ያዝኸው ሲሉት አልያዝሁትም፣ ራሴው ነኝ አላቸው። ሰዉ አጉረመረመ። አንድ ሰውዬ፣ ይሄኛው ብልጥ ነው፣ ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። አባ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ይህ የልጅሽ ድምፅ ነው ወይ?»

እናቴ ቆመች። ሰዉ ሁሉ እሷን ያይ ነበር።

«አላውቅም አባ» አለች።

ወንድሜ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አቀረቀረና ውኃው ፈሰሰበት። ሰባት ቀን እዚያው ተጠመቀ፣ አንድ ቃል አልተናገረም። በሰባተኛው ቀን ለቆታል ተባለ። በስምንተኛው ቡሬ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ ጮክ የሚባለውን ብቻ ለእሑድ፣ ጫኞቹ ለማይኖሩበት ቀን አደረገው።

ለኔ ጠበሉን እየቀለደ ነበር የሚያወራልኝ። «ያን ዕለት ጅቡን ብለቅባቸው ኖሮ አባ መስቀላቸውን ጥለው ነበር የሚሮጡ» ይለኝና ይስቃል። እናቴ ስላለችው ቃል ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። እሷም አላነሳችውም። በዓል ሲሆን ይመጣል፣ ከአባቴ ጋር በርበሬ ያገላብጣል፣ አጠገቧ ተቀምጦ ይበላል። ሲያወራ ግን ከአባቴና ከኔ ጋር ነው። እሷ ስትጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ።

አሁን እናቴ የምትለው ይህንን ነው። «አርባው ሳይደርስ ይቅር በለኝ ልለው ነው። የማላውቀውን ድምፅ ይቅር በለኝ አልልም።»

ስለዚህ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ጌሙን ከፈትሁ። አባቴ በሩ ላይ ነበሩ። በር ጠባቂው፣ ማን ነህ ከማለቱ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ወዲያው አባትህ ናቸው አለች። አባቴ እኔ እንዲያ ጉሮሮዬን አልጠርግም አሉ፤ ይህን ከማለታቸው በፊት ጠረጉ። መነኩሴው ሲናገር እናቴ ሳታስበው ራሷን ዝቅ አደረገች። የኔታ ናቸው አለች። እህል ነጋዴው የመጋዘኑ ባለቤት ነው አልኋት። ከዚያ አሮጊቷ መጣች፣ ነጋዴውን ሚዛንህን አንሳው፣ ጣትህን አንሳ እያለች።

እናቴ ይቺንስ አላውቃትም አለች።

«አንቺ ነሽ እንጂ» አሉ አባቴ ከበሩ። «ቅዳሜ ገበያ ሂጂና ራስሽን ስሚ።»

«እኔ እንዲህ አልነዘንዝም።»

«እንዲያውም ቀንሶልሻል።»

እናቴ እንደገና አሰማኝ አለችና ሁለተኛ ሰማቻት። ፊቷ ላይ ምን እንደነበረ አላውቅም። ሳቅ አይደለም። ቀጥል አለችኝ።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ድልድዩ ነው። ድልድዩ ላይ ሽፍታ አለ። ከድልድዩ ማዶ ያሉትን ሰዎች ለመስማት ሽፍታውን መግደል ግድ ነው። ወንድሜ በሕይወት እያለ ይህን ሽፍታ ስንት ጊዜ እንደገደልሁት አላስታውስም። ደውዬ ዛሬም ገደልሁህ እለው ነበር። እሱም፣ የትኛው ላይ ነው ጥሩ አድርጌ የሞትሁ፣ ይለኛል። ምክንያቱም አሟሟቱ ይለያያል፤ አንዳንዴ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፣ አንዳንዴ እዚያው ይቀራል።

አሁን ግን አልቻልሁም። አሞሌ ጨው ሰጠሁት፣ ተቀበለኝና አላሳልፍም አለ። በቅሎዋን ሰጠሁት። ወደ ኋላ ተመልሼ በወንዙ ዳር ዞርሁ፤ መንገድ የለም። እናቴ አጠገቤ ሆና ትጠብቃለች። ድምፁን አጠፋሁት።

«ምነው ዝም አስባልኸው?»

«ሽፍታ ነው እማ።»

«ቢሆንስ? ይናገር።»

«ሊሞት ነው።»

እጇን ከጉንጯ አነሳች። «እሱንም አሰማኝ» አለች።

ድምፁን ከፈትሁና መታሁት። ከድልድዩ ወደቀ። ሲወድቅ የጮኸው ጩኸት ረጅም ነው፤ እስከ ውኃው ድረስ ይሄዳል። አባቴ ከበሩ ተነስተው ወደ በረቱ ሄዱ። እናቴ ስልኩን እንጂ እኔን አላየችም። እንዲህ ብሎ ይሆን አለችኝ። ሚኒባሱ ሲገለበጥ ማለቷ ነው። አይደለም አልኋት። ይህን ሲቀዳ በየመሃሉ ቆሎ ይበላ ነበር፣ ራሱ ነግሮኛል፣ ቆሎው ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ አንዱን ሞት አበላሸብኝ ብሎኛል አልኋት። እውነቴን ነው። ግን እሷ የጠየቀችኝ ይህንን አልነበረም።

ከድልድዩ ማዶ ያሉትን ሁሉ አሰማኋት። ሕፃኑን፣ ባለ አህያውን፣ ዓይነ ስውሩን፣ ዳኛውን። ጌሙ አለቀ። ከነዚህ ውስጥ የለም አለች።

ያን ጊዜ ነው እኔም የፈራሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ራሴ ላስታውሰው ሞከርሁ። በር ጠባቂው መጣብኝ። እንደገና ሞከርሁ፣ ነጋዴው መጣ። ሲደውልልኝ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ድምፅ ነበር የሚጀምረው። ከቀበሌ ነው የምንደውለው፣ ማዳበሪያ መጥቷል፣ ይለኛል። እታለላለሁ። ከዚያ ይስቅና በራሱ ድምፅ ያወራኛል። ግን ከቀበሌው ሰው ወደ ራሱ የተመለሰው የቱ ጋ ነው? መመለሱንስ በምን ነበር የማውቀው? ወንድሜ ከሞተ ወሩ ገና አልሞላም፣ እኔ ግን አላስታውሰውም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

አዲስ አበባ ሆና ታሠራው የነበረችው ልጅ ለኀዘን ስትደውል እናቴ የምትፈልገውን ነገርኋት። አለቀሰች። ጌሙ ውስጥ የገባው ተቆርጦ የተስተካከለው ነው አለችኝ፤ እሱ የላከው ያልተቆረጠው ግን በሙሉ አለ። በየመሃሉ በራሱ ድምፅ ያወራል፣ ይሳሳታል፣ ይደግማል። እልክልሃለሁ አለች።

እኛ ጋ ኔትወርኩ ስለማይችለው ፍኖተ ሰላም ወጣሁ። አንድ ጭማቂ ቤት ተቀምጬ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አወረድሁት። የመጀመሪያውን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁ። አሮጊቷ ትናገራለች፤ ከዚያ ትቋረጥና አንድ ወጣት፣ ይቅርታ መኪና አለፈ፣ ልድገመው ይላል። እሱ ነው። ራሱ ነው። የጭማቂ ቤቷ ልጅ ምን ሆንህ እስክትለኝ ድረስ አለቀስሁ። ወደ ቤት ስመለስ ከባጃጁ ወርጄ ያለውን መንገድ በሩጫ ነው የጨረስሁት።

እናቴን አስቀምጬ አሰማኋት። ይቅርታ መኪና አለፈ፣ ልድገመው። አንዴ ሰማች። ሁለቴ ሰማች።

«ይኼ የከተማ ሰው ነው» አለች። «ከነሱ ጋር የሚያወራበት ነው። እዚህ መጥቶ እንዲህ አውርቶ ያውቃል?»

ማሰብ ነበረብኝ። ትክክል ነች። ቃላቱን የሚያስኬድበት፣ መጨረሻ ላይ ሳቅ የሚጨምርበት፣ የኛ ቤት አይደለም። አዲስ አበባዎቹ ፊት የሚሆነው ሰው ነው። ልጅቷም ያለቀሰችው ለዚህኛው ነው፤ እኔም ጭማቂ ቤት ያለቀስሁት ለዚህኛው ነው። ታዲያ እኛ ቤት ሲመጣ የነበረውስ? እሱስ ለኛ ብሎ የሠራው ድምፅ ቢሆን? ስልኩን መደቡ ላይ ጣልሁት።

እናቴ አነሳችውና መልሳ ሰጠችኝ። አታቁም አለች። ቀጠልሁ። ሽፍታው፣ አሁንም ሽፍታው፣ መነኩሴው። ምን እንደምንፈልግ አላውቅም ነበር።

«ቆይ። መልሰው።»

መነኩሴውን መለስሁት።

«እሱን አይደለም። ከመናገሩ በፊት ያለውን።»

ከመናገሩ በፊት ምንም የለም አልኋት። አለ አለች። እንደገና መለስሁት፤ መነኩሴው አፉን ሲከፍት አቆምሁት። ይኸው አለች። አሮጊቷንም እንዲሁ አድርግ አለችኝ፤ አደረግሁ። ይኸው። ሽፍታውንም። ይኸው። ትንፋሽ ነው አለችኝ። በአፍንጫው ይስባል፣ ቆም ያደርጋል፣ ከዚያ ነው ማንንም የሚሆነው። ጡት ሲጠባ እንዲህ ነበር፤ ስቦ፣ ቆም አድርጎ።

የአዲስ አበባዋን ልጅ በኋላ ስጠይቃት፣ አዎ፣ ትንፋሹን ሁልጊዜ እንቆርጠው ነበር አለችኝ። ጌሙ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

እናቴ ስልኩ ላይ አቀረቀረች። ከዚያ እኔን ሳታይ ተናገረች።

«ጠበሉ ቦታም እኔ ነኝ ከማለቱ በፊት እንዲህ አድርጓል። ሰምቼዋለሁ። ሰምቼው ነው አላውቅም ያልሁት።»

ለምን አልኋት።

«ሰዉ ያየኝ ነበር» አለች።

ልቆጣት እንደሚገባ ተሰማኝ፣ ላቅፋት እንደሚገባም ተሰማኝ፤ ሁለቱንም አላደረግሁም። መልሰው አለችኝ። ትንፋሹ ላይ አቆምሁ። ይቅር በለኝ ልጄ አለች። መልሰው አለች። አቆምሁ። ይቅር በለኝ አለች። ብቻዋን ልተዋት ብፈልግም አልቻልሁም፤ ማቆሚያውን የምጫነው እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ እንዳደረግነው አልቆጠርሁም። አባቴ ከበረቱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፣ አይተውን ተመልሰው ወጡ።

አርባው አለፈ። ፍትሐቱ ላይ እናቴ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር፤ አላለቀሰችም። ይቅር ብሎኛል አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። በምን ይታወቃል።

እኔ ግን ትንፋሹን እስካሁን አልሰማሁትም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሞክሬያለሁ። አንዳንዴ የሰማሁ ይመስለኛል፤ እንደገና ስሞክረው የራሴ ትንፋሽ ይሆናል። እናቴ አሁንም በሳምንት አንዴ ሁለቴ ና ተቀመጥ ትለኛለች። እቀመጣለሁ። ቃሉ ከመጀመሩ በፊት አቆምላታለሁ። ጣቴ ሲዘገይ ነጋዴው ወይም ሽፍታው ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እናቴ ስልኩን ከነእጄ በመዳፏ ትሸፍነዋለች።